ሰበብ የማትቀበለው ጀልባ

በሰኔና በሐምሌ፣ አርብ አመሻሹ ላይ ከቶሮንቶ ወይም ከሞንትሪያል ወጥቶ ወደ ሐይቆቹ የሚነዳ ሰው አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ሳያይ አይቀርም። ከፊቱ በምትሄደው የቤት መኪና ጣሪያ ላይ፣ ርዝመቷ መኪናዋን የሚያህል ነጭ ጀልባ ተደፍታ በገመድ ተጠፍራለች። የኋላው መስኮት በድንኳን፣ በብርድ ልብስ፣ በድስትና በከሰል ከረጢት ተዘግቷል። ሾፌሩ ለኦሊምፒክ የሚዘጋጅ ስፖርተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ ጠዋት ጠመኔ ይዞ ተማሪ ፊት የሚቆም የሒሳብ መምህርም ሊሆን ይችላል። ጀልባዋን አይቶ መለየት ግን አይቻልም። ሁለቱም የሚጭኑት አንድ ዓይነቷን ነው።

ስሟ ሌዘር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በንግድ ስም ክርክር ምክንያት በውድድር መዝገብ ላይ ኢልካ ተብላለች፤ የቀድሞ ስሟ ግን ከወዳጆቿ አፍ አልጠፋም። ርዝመቷ 4.2 ሜትር ገደማ፣ የአካሏ ክብደት 59 ኪሎ ያህል፣ ትልቁ ሸራዋ 7 ካሬ ሜትር ነው። ሞተር የላትም፤ መቅዘፊያም የላትም። የምትይዘው አንድ ሰው ነው። እስካሁን ከ200,000 በላይ የሚሆኑ እህቶቿ ተሠርተዋል።

ታሪኳ የሚጀምረው ከድንኳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሃድሰን ቤይ ለተባለው አንጋፋ የካናዳ የንግድ ኩባንያ፣ ከከተማ ወጥቶ ለሚያድር ሰው የሚሆኑ ዕቃዎች በአንድነት ተሠርተው እንዲቀርቡ ሐሳብ መጣ። ከድንኳኑና ከመሰል ዕቃው ጋር መኪና ጣሪያ ላይ የምትጫን ትንሽ ጀልባም ብትኖር ተባለ። ሥራው የተሰጠው ሞንትሪያል አጠገብ ጀልባ ይሠራ የነበረው ዲዛይነር ኢያን ብሩስ፣ ስልኩን አንስቶ ወዳጁን ብሩስ ከርቢን አማከረው። ከርቢ ሙያው ጋዜጠኝነት ነበር። የጀልባ ንድፍ ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም፤ ይልቁንም በጀልባ እሽቅድምድም ለካናዳ በኦሊምፒክ የተሰለፈ፣ ንድፉን በራሱ ጥረት የለመደ ሰው ነበር። እያወራ በእጁ በነበረው ማስታወሻ ደብተር ላይ አንዲት ጀልባ ጫር ጫር አደረገ። ያቺ ጭረት በኋላ ዓለም ስላወቃት «የሚሊዮን ዶላሯ ጭረት» የሚል ቅጽል ወጣላት።

ኩባንያው ግን ጀልባዋን አልፈለጋትም። ንድፉ ተቀምጦ አንድ ዓመት ያህል ቆየ።

ከተቀመጠበት ያስነሳው ቀልድ ነው። ከ1851 ጀምሮ የሚካሄደው «የአሜሪካ ዋንጫ» የባለጸጎች መፎካከሪያ ነው፤ የአንዱ መርከብ ወጪ መንደር ይሠራል። ከርቢ ያዘጋጀው የነበረው የጀልባ መጽሔት በ1970 ጥቅምት ላይ ተቃራኒውን ጠራ፦ ዋጋቸው ከ1,000 ዶላር በታች የሆኑ ትንንሽ ጀልባዎች በዊስኮንሲን ግዛት በሌክ ጄኔቫ ይሽቀዳደሙ። ስሙም «የአሜሪካ የሻይ ሲኒ» ሆነ። ኢያን ብሩስና ከርቢ ንድፉን አውጥተው በጥድፊያ አንዲት ጀልባ አሠሩ። ሸራዋን የሰፋው በትውልድ ዴንማርካዊ የሆነው ሃንስ ፎግ ነው፤ በ1960 ኦሊምፒክ የብር ሜዳልያ ያገኘ፣ ከዚያም ወደ ካናዳ የተሻገረ ባለሙያ። ጀልባዋ እዚያ እስክትደርስ ውሃ ነክታ አታውቅም ነበር። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ፎግ ሸራውን እንደገና አስተካከለው፤ በማግስቱ ይበልጥ ፈጠነች።

በዚያን ጊዜ ስሟ ሌዘር አልነበረም። ዊክኤንደር ነበር፣ የቅዳሜና እሁዷ ማለት ነው። በሸራዋ ላይም «ቲ ጂ አይ ኤፍ» የሚሉ አራት ፊደላት ተለጥፈው ነበር፤ አሜሪካውያን ሠራተኞች የሳምንቱ ሥራ ሲያበቃ የሚሉት «አርብ ስለደረሰ እግዜር ይመስገን» መሆኑ ነው። ሌዘር የሚለውን ስም ኋላ ላይ ያቀበለው አንድ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሌዘር ጨረር ያኔ የዘመኑ ወሬ ነበርና። በ1971 መጀመሪያ በኒውዮርክ የጀልባ ትርኢት በ595 ዶላር ስትቀርብ 144 ሰዎች አዘዟት።

የጣናን ታንኳ የሚያውቅ ሰው የዚህች ጀልባ ብልሃት ቶሎ ይገባዋል። ከደንገል የተሠራች ታንኳ ከውሃ ወጥታ ካልደረቀች ትከብዳለች፤ ስለዚህ ባለቤቷ አውጥቶ ሊያቆማት የሚችላት መሆን አለባት። ሌዘርም የተሠራችው በሰው አቅም ልክ ነው። ሁለት ሰው አንስቶ መኪና ላይ ይጭናታል። ደቀሏ፣ ማለትም ሸራውን የሚሸከመው ምሰሶ፣ ለሁለት ስለሚከፈል ጣሪያው ላይ አብሯት ይተኛል። የሚደግፈው ሽቦ የለም፤ በጀልባዋ ወለል ላይ ባለ ጉድጓድ ይሰካና ያበቃል። ሸራው እንደ ካልሲ ደቀሉ ላይ ይጠለቃል። አቅጣጫ የሚሰጠው መሪ ከኋላ ይንጠለጠላል፤ ቢላ የሚመስል ሰሌዳ መሐል ባለው ስንጥቅ ቁልቁል ይገባል። የለመደ ሰው ይህን ሁሉ በሩብ ሰዓት ይጨርሳል።

ያ ሰሌዳ ባይኖር ጀልባዋ ነፋሱ ወደገፋት ብቻ የምትሄድ ቅጠል ትሆን ነበር። ሸራው ነፋሱን ከጎን ሲቀበል እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይሠራል፤ ጀልባዋን ወደፊትም ወደ ጎንም ይስባታል። ሰሌዳው ወደ ጎን መንሸራተቷን ይከለክላል፤ የቀረላት መንገድ ወደፊት ብቻ ነው። በሁለት ጣት የተጨመቀ የሎሚ ፍሬ ተስፈንጥሮ እንደሚወጣው መሆኑ ነው። እንዲህም ሆኖ ነፋሱ ወደሚመጣበት ፊት ለፊት መሄድ አትችልም። ከጎሐጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ፣ ከዚያም ወደ ደጀን የወጣ መንገደኛ መፍትሔውን ያውቀዋል፦ ቀጥ ያለውን ዳገት በጥምዝምዝ ይወጡታል። ጀልባዋም አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ በሰያፍ እየታጠፈች ነፋሱን ትወጣዋለች። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ነጂው ከሸራው ታችኛ ዘንግ ሥር አጎንብሶ ወደ ሌላው ጠርዝ ይሻገራል። ጎንበስ ማለት የረሳን ሰው ዘንጉ ራሱ ያስታውሰዋል።

ነፋሱ ሲበረታ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ታጋድላለች። መመዘኛው የነጂው ገላ ነው። እግሩን ከወለሉ ቀበቶ ሥር አስገብቶ ከጉልበቱ በላይ ያለውን አካሉን ከጠርዙ ወጣ አድርጎ በውሃው ላይ ይንጠለጠላል። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ምቹ ወንበር ላይ የተንጋለለ ይመስላል፤ ጭኑንና ሆዱን ግን እሱ ይጠይቁት። ነፋሱ ከኋላ ወይም ከጎን ሆኖ ሲጠነክር ደግሞ የጀልባዋ ደረት ከውሃው ቀና ይላል፤ ውሃውን መሰንጠቅ ትታ በላዩ ላይ ትንሸራተታለች። ከርቢ የድንኳን ጓደኛ እንድትሆን የታሰበችውን ጀልባ ፈጣን አድርጎ መንደፉ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ያኔ ነው መገልበጥም የሚመጣው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጀማሪ ነጂም እንዲሁ ነው። ድንገተኛ ነፋስ ሲመታው የሸራውን ገመድ ለቀቅ ቢያደርግ ነፋሱ ያልፍ ነበር፤ እሱ ግን መዳኛው ገመዱ ይመስለውና ይበልጥ ጨብጦ ይስበዋል። ቀጥሎ የሚሰማው የራሱ መንቦጫረቅ ነው። ደግነቱ የሰውነት መንሳፈፊያ ለብሷል፣ ጀልባዋም አትሰጥምም። ዋኝቶ ከሆዷ በኩል ይዞራል፤ ወደ ጎን የወጣው ሰሌዳ ላይ ቆሞ ጠርዟን ይዞ ወደ ኋላ ይንጋለላል። ሸራው እያንጠባጠበ ቀስ ብሎ ይነሳል። ተሳፍሮ መንገዱን ሲቀጥል ወለሉ ላይ የቀረው ውሃ ከታች ባለች ቀዳዳ በራሱ ይወጣል። በቅዳሜ ውድድር ሳይገለበጥ የዋለ ሰው ካለ፣ ወይ ነፋስ አልነበረም ወይ ሰውየው አልሞከረም።

ውድድሩ ራሱ ብዙ ዕቃ አይፈልግም። ውሃው ላይ ሁለት ሦስት ተንሳፋፊ ምልክቶች ይጣላሉ፤ አስጀማሪው አንዲት ጀልባ ላይ ባንዲራና ሰዓት ይዞ ይቆማል። በተለመደው ሥርዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር አንድ ባንዲራ ይወጣል፤ አራት ደቂቃ ሲቀር ሌላው ይከተላል፤ አንድ ደቂቃ ሲቀር ሁለተኛው ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ጀልባዎቹ በማይታየው የመነሻ መስመር አጠገብ እንደ ገበያ በግ ይጋፋሉ። ሯጭ መስመሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሸራ ያለው ጀልባ ግን ፍሬን የለውም። ሰዓቱ ሳይደርስ መስመሩን ያለፈ ተመልሶ እንደገና ይነሳል።

ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋሱን ከቀኝ የሚቀበለው ቅድሚያ አለው። እሱም «ስታርቦርድ!» ብሎ ይጮሃል፤ ነፋሱን ከግራ የሚቀበለው ይለቅለታል። በእንዲህ ያለ የወዳጆች ውድድር ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ውሃው ላይ የለም። ሌላውን የገጨ ወይም መንገድ የከለከለ ሰው ጥፋቱን ራሱ አምኖ፣ እዚያው ሁለት ጊዜ ተሽከርክሮ ቅጣቱን ይከፍላል፤ ምልክቱን የነካ ደግሞ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሌሎቹ በዚህ መሐል ጥለውት ይሄዳሉ። ነጥቡም የተገላቢጦሽ ነው፦ አንደኛ የወጣ አንድ፣ ሁለተኛ የወጣ ሁለት ያገኛል፤ በመጨረሻ ትንሹን የሰበሰበ ያሸንፋል። ብዙ ዙር ከተደረገ የእያንዳንዱ ሰው ክፉ ዙር ይሰረዝለታል። ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳው ተሰክቶ መግባቱን ሳያረጋግጥ የወጣ ሰው ይህን ሕግ ከልቡ ይወደዋል።

ሌዘርን ከሌሎች የሚለያት ዋናው ሕግ ግን አንድ ነው፦ ሁሉም ጀልባ አንድ ዓይነት ነው። ቅርጿን መሞረድ፣ ደቀሏን ማቅለል፣ ከተፈቀደው ውጭ ሸራ ማሰፋት ክልክል ነው። አዲስ ሸራ ካረጀው መሻሉ አይቀርም፤ ከዚያ በላይ ግን ገንዘብ ፍጥነት አይገዛም። ቀላል ሰው በከባድ ሰው ሸራ እንዳይንገላታ ሦስት ዓይነት የሸራ መጠን አለ፤ አካሏ ያው ሆኖ ትንሹ ለታዳጊዎች፣ መካከለኛው ቀለል ላለ ሰው፣ ትልቁ ክብደት ላለው። በኦሊምፒክም ወንዶች በትልቁ ከ1996፣ ሴቶች በመካከለኛው ከ2008 ጀምሮ ይወዳደራሉ። ጀልባውን አዘጋጁ ያቀርባል፤ ተወዳዳሪው ይዞ የሚመጣው ራሱን ነው።

እንዲህ ሲሆን ውድድሩ የሰውና የሰው ይሆናል። ብራዚላዊው ሮበርት ሻይትና እንግሊዛዊው ቤን ኤይንስሊ በ1996 ኦሊምፒክ በወርቁ ሲተናነቁ፣ በመጨረሻው ዙር ሁለቱም ከሰዓቱ ቀድመው በመነሳታቸው ከዙሩ ተሰረዙ፤ በነጥብ ይመራ የነበረው ሻይት ወርቁን ወሰደ። ከአራት ዓመት በኋላ በሲድኒ ኤይንስሊ የመጨረሻውን ዙር በፍጥነት ለማሸነፍ አልሞከረም። ሻይት ወደሄደበት እየሄደ፣ ነፋሱን እየከለለ ወደ ኋላ አስቀረውና ወርቁን ተቀበለ። ሻይት በ2004 አቴንስ ላይ ሁለተኛ ወርቁን ይዞ ተመለሰ። «ጀልባዬ ከጀልባው አንሳ ነው» ለማለት በሦስቱም ጊዜ የሚችል አልነበረም።

ቅዳሜ ማታ ሐይቁ ዳር ግን ሰበብ ሳይነገር አይታደርም። ጀልባዎቹ ሣሩ ላይ ተደርድረዋል፤ በመሐላቸው ድንኳኖች ተተክለዋል። በየዘንጉ ላይ እርጥብ ሱሪና ካልሲ ተሰጥቷል። የወባ ትንኝ ዘመድ የሆነ ሁሉ ተጠራርቶ መጥቷል። ከሰሉ ላይ በቆሎ ይጠበሳል። ከዕራት በኋላ ጠረጴዛው ላይ የተረፈው ሁሉ ወደ ሐይቅ ይለወጣል፦ ሹካዋ የእኔ ጀልባ ናት፣ ማንኪያው ያንተ፣ የጨው ዕቃው አስጀማሪው። «እኔ ከዚህ ስመጣ አንተ ከዚያ መጣህ፤ ስታርቦርድ ብዬ ጮኬ ነበር።» «አልሰማሁም፣ ነፋሱ ወሰደው።» ማንኪያው ተነስቶ ሁለት ጊዜ ይሽከረከራል። ጀልባዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ነፋሱ ነው። ነፋሱ ለአንዷ ተወዳዳሪ ዞሮላት፣ ለእኔ ሞተብኝ ይላል አንዱ። ነፋስም እንደ ልማዱ መልስ አይሰጥም፤ አመሻሹ ላይ ተኝቷል።

እሁድ ከሰዓት ነጥቡ ተደምሮ ሽልማቱ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ቀኑ የተጻፈበት የሻይ ኩባያ ነው። አሸናፊዋ ተቀብላው ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የቅዳሜውን ክርክር ያልጨረሱት ሁለቱ ግን ምልክት የሚሆን ዕቃ እየፈለጉ ነበርና ወዲያው ይስቡታል። ሹካዋ በኩባያው በስተግራ፣ ማንኪያው በስተቀኝ ይዞራል። እሷም ሻይዋን ለመቅዳት ዙሩ እስኪያልቅ ትጠብቃለች።