ፕሮግራሙ ዕቃ የሚዋሰው ከማን ነው?

በጣርማ በር አቅራቢያ የምትገኘው ደጋማዋ መዘዞ ስሟ ከኦፓል ድንጋይ ጋር አብሮ ይነሣል። ድንጋዩ በውጭው ሲያዩት ተራ አለሎ ነው፤ በሆዱ የያዘው የሚታወቀው ሲሰበር ነው። እኛም ዛሬ የምናነሣው እንደዚሁ በውጭው አይተው የማያውቁትን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው።

ከደብረ ብርሃን በፍላሽ የተላከ የመዝገብ ፕሮግራም መዘዞ ላይ ሲከፈት «ይህን የመሰለ ፋይል የለም» ብሎ ቆመ እንበል። ባለጉዳዩ በር ላይ ተሰልፏል። ወጣቱ ጸሐፊ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል፤ ዳሩ ግን የጠፋው ፕሮግራሙ ሳይሆን ፕሮግራሙ የሚዋሰው ዕቃ ነው።

ነገሩ እንደ እድር ነው። እያንዳንዱ ቤት ድንኳንና ትልቅ ድስት አይገዛም፤ ለቅሶ ሲደርስ ከእድሩ ያመጣል። ፕሮግራሞችም ፊደል መሣልን የመሰለውን ሥራ የጋራ ላይብረሪ ከሚባለው ይዋሳሉ እንጂ በየራሳቸው አይሸከሙትም።

በሊኑክስ ላይ «ኤልዲዲ» የተባለውን ትእዛዝ ከፕሮግራሙ ስም ጋር የጻፈ ሰው፥ የሚፈለጉትን ላይብረሪዎችና የተገኙበትን ቦታ በየመስመሩ ያያል፤ በጎደለው አንጻር «አልተገኘም» የሚል ቃል ይወጣል። ምንጩ ባልታወቀ ፕሮግራም ላይ ግን ይህን መሞከር አይገባም፤ ትእዛዙ አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሣው ይችላልና። ለእንዲህ ያለው «ኦብጅደምፕ» ወይም «ሪድኤልፍ» ይሻላል፤ እነዚህ የሚያነቡት በፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈውን ዝርዝር ብቻ ነው። ጉድለታቸው አበዳሪውን ሲናገሩ የአበዳሪውን አበዳሪ አለመናገራቸው ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ፥ በሊኑክስ ላይ በ«ሴራ» ዘዴ ለመጻፍ «ኤም17ኤን» የተባለው ላይብረሪ ያገለግላል። የቁልፎቹ ሠንጠረዥ ግን ለብቻው በተቀመጠ ፋይል ላይ የሰፈረ ነው። ስለዚህ «ኤልዲዲ» ሁሉም ተገኝቷል እያለ «ሰላም» ብሎ መጻፍ ሊያቅት ይችላል! ያን ጊዜ «ኤስትሬስ» ይጠራል፤ ፕሮግራሙ ሊከፍት የሞከረውን ፋይል ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጥራል።

የጎደለውን ከሌላ ኮምፒዩተር በዘፈቀደ ገልብጦ ማምጣትን አንመክርም፤ በተለይ «ጂሊብሲ» የተባለውን መሠረታዊ ላይብረሪ በዚህ መንገድ የለወጠ ሰው መላውን ኮምፒዩተር ሊያቆም ይችላል። ስሙንና የሊኑክሱን ዓይነት በስልክ ለደብረ ብርሃን ባልደረባ ቢነግሩት፥ ለዚያው የተዘጋጀውን ጥቅል በሚቀጥለው አውቶቡስ ይልከዋል።