ገመድ አልባ ኢንተርኔት እንደ ቦኖ ውኃ፤ ከኒዌ ደሴት እስከ ሐይቅና አምባሰል

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ከከተማዋ አጠገብ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ውኃ ተንጣሎ ይታያል፤ ወደ ሰሜን ሲዘለቅም የአምባሰል አምባዎችና ገደሎች ይከተላሉ። በዚህ አካባቢ የሚኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ የፈተና ውጤቱንም ሆነ የዩኒቨርሲቲ ምደባውን የሚያየው በኢንተርኔት ሲሆን፣ አገልግሎቱን በአብዛኛው የሚያገኘው በእጅ ስልኩ፣ በሜጋባይት ሒሳብ እየከፈለ ነው።

በአንጻሩ ሁለት ሺህ እንኳ የማይሞላ ሕዝብ ያላት ኒዌ የተባለች የፓስፊክ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2003 ለነዋሪዎቿ ነፃ ገመድ አልባ ኢንተርኔት ዘርግታለች። የሐይቅ ከተማ ሕዝብ ብቻውን የኒዌን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ? «ትንሽ ስለሆነች ቀላት» የሚለው መልስ ወዲያው አፍ ላይ ይመጣል፤ እኛ ግን በቂ ሆኖ አላገኘነውም።

አስቀድመን የቴክኒኩን ነገር እናንሳ። ዋይ ፋይ የሚባለው ሥርዓት በስፋት የሚጠቀመው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያሉ የሬዲዮ ሞገዶችን ሲሆን፣ የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በዚሁ ሰፈር ነው፤ ሰፈሩ ጫጫታ ስለሚበዛበትም ትላልቆቹ የቴሌኮም ድርጅቶች እምብዛም አልተሻሙበትም። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ይህን የሞገድ ክልል ያለ ግል ፈቃድ መጠቀም እንዲቻል ደነገገ። በ1997 የጋራ መሥፈርቱ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የመሣሪያዎቹ ዋጋ ረከሰ። ይሁን እንጂ አንድ ተራ ማሰራጫ የሚደርሰው ከጥቂት አሥር ሜትሮች እስከ መቶ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ዋይ ፋይ በሰፈር መካከል እንዳለ የቦኖ ውኃ ነው ማለት እንችላለን። ቦኖው ራሱ ውድ አይደለም፤ ውዱ ከምንጩ እስከ ቦኖው የሚመጣው ቧንቧ ነው። ቁልፉን የሚይዝና ሒሳቡን የሚከፍል አካልም ያስፈልጋል።

ኒዌ ይህን ሁሉ በአስገራሚ መንገድ አገኘችው። የደሴቲቱ የድረ ገጽ መለያ «ኑ» ነው። ቃሉ በስዊድንኛ «አሁን» ማለት በመሆኑ (በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ግብዣ ይሆን ነበር!) ብዙ ስዊድናውያን ገዙት፤ መለያውን ያስተዳድር የነበረው ማኅበርም ከሽያጩ የሳተላይቱንና የማሰራጫዎቹን ወጪ ሸፈነ። የደሴቲቱ መንግሥት ከጊዜ በኋላ በዚሁ መለያ አስተዳደር ላይ ክርክር ማንሣቱ ሌላ ታሪክ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ቧንቧውን የሚከፍል ወገን አስቀድሞ መገኘቱ ነው።

ለአምባሰል ይበልጥ የምትቀርበው ግን መቄዶንያ፣ የዛሬዋ ሰሜን መቄዶንያ ናት፤ ተራራማ፣ ባሕር በር የሌላት አገር። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የልማት ድርጅት ድጋፍ ከ400 በላይ ትምህርት ቤቶች ከተራራ ተራራ በሚወረወር የሬዲዮ መስመር ተገናኙ። ትምህርት ቤቶቹ የማይጠፉ ደንበኞች ስለሆኑ ማማውን የተከለው ኩባንያ ለከተማና ለገጠር ነዋሪዎችም ማከፋፈል አዋጣው። 1.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ኤስቶኒያም «የነብር ዝላይ» በተባለው ፕሮግራም ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ትምህርት ቤቶቿን አገናኘች፤ በ2000 ኢንተርኔትን ለሁሉም ሊዳረስ ከሚገባው አገልግሎት ውስጥ በሕግ አስገባች። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ቬልዮ ሃመር የተባለ ሰው ቡና ቤቶችና ነዳጅ ማደያዎች መስመራቸውን ለእንግዳ እንዲከፍቱ እየዞረ ያግባባ ነበር።

ትንሽነት ብቻ ቢበቃ ኖሮ ጎረቤታችን ጅቡቲ ከሁሉም በቀደመች ነበር። የቆዳ ስፋቷ የኤስቶኒያ ግማሽ ያህል ነው፤ ዓለም አቀፍ የባሕር ሥር ኬብሎችም በደጇ ያርፋሉ። ሆኖም ለአሥርት ዓመታት በአንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ስትገለገል ኖራለች፤ ምንጩ ደጅ ላይ ሆኖ ቦኖው ጥቂት ነበር።

የእኛው አገር ታሪክ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አገልግሎት የጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ወረዳ ኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን አገናኘ፤ የፕላዝማ ትምህርትም በሳተላይት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደረሰ። ቧንቧው መጣ ማለት ነው። ነገር ግን አንደኛው ከቢሮ አልወጣም፤ ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ በመሆኑ ተማሪው ራሱ አይጠይቅበትም ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን በከባድ እስራት የሚያስቀጣ አደረገ። የአዋጁ ዓላማ ሌላ ቢሆንም፣ መስመሩን ለጎረቤት ማጋራት የሚያስብ ርእሰ መምህር ወይም የቡና ቤት ባለቤት እጁን እንዲሰበስብ ያደረገ ይመስለናል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ግን ገበያውን ከፈተ፤ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ኦፕሬተር ሥራ ጀመረ።

መልክዓ ምድሩን በተመለከተ ተማሪዎች ራሳቸው ሊያሰሉት የሚችሉት ነገር አለ። የሬዲዮ አድማስ በኪሎ ሜትር፣ የከፍታው (በሜትር) ካሬ ሥር በ4.12 ሲባዛ ይገኛል። ከዙሪያው 500 ሜትር ከፍ ያለ አምባ ላይ የተተከለ አንቴና፣ የሚጋርደው ሌላ ተራራ ከሌለ፣ እስከ 92 ኪሎ ሜትር ያያል። እ.ኤ.አ. በ2007 በቬኔዝዌላ ከተራራ ወደ ተራራ በዋይ ፋይ መሣሪያ 382 ኪሎ ሜትር መሻገር የተቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ አምባው ለሸለቆው ነዋሪ ግድግዳ ሲሆን ለአንቴናው መሰላል ነው። የሐይቁ ውኃ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ለጥ ያለ የውኃ ገጽ ሞገዱን እንደ መስተዋት ስለሚመልስ፣ በቀጥታ የመጣውና ተንጸባርቆ የመጣው ሞገድ ተጋጭተው ሊጠፋፉ ይችላሉ። በ10 ኪሎ ሜትር መስመር አጋማሽ ላይ፣ በሞገዱ ዙሪያ በግራ፣ በቀኝ፣ በላይና በታች 18 ሜትር ያህል ነፃ ቦታ ሊኖር ይገባል፤ አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ይበቃል ለማበላሸት።

መስመር አንድ ብቻ ሲሆን የሚያስከትለውን ይህ አካባቢ በሚገባ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ባዳረሰ ጊዜ አገልግሎት ተቋርጧል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። የትኛውም አንቴና ይህን አይፈታውም።

ሌላውን ግን በቁጥር እንየው። አንድ ትምህርት ቤት በሴኮንድ 20 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር አለው እንበል። ከመማሪያ ሰዓት በኋላ እስከ ማግስቱ ጠዋት መስመሩ ሥራ ይፈታል። በአጥሩ ላይ ወደ መንገድ የዞረ አንድ ማሰራጫ ቢሰቀል 40 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቢገቡ እንኳ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሜጋቢት ይደርሰዋል፤ ለጽሑፍና ለፈተና ውጤት ከበቂ በላይ ነው። ማሰራጫው የሚፈልገው 10 ዋት ያህል፣ ማለትም የአንድ አምፖል ኃይል ነው። የሚቀረው ጥያቄ የቦኖው ጥያቄ ነው፤ የወሩን ሒሳብ ትምህርት ቤቱ፣ ቀበሌው ወይስ ተጠቃሚው ይክፈል? መሣሪያው በመብረቅ ሲመታስ መሰላል ይዞ የሚወጣው ማን ነው?