የበዓል ደስታና የተኩስ ኃላፊነት፦ በገጠር የቤተሰብ ግብዣ ላይ ስለሚደረግ የዒላማ ተኩስ ማወቅ የሚገባን

የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ በዓላት ሲቃረቡ በከተማ የሚኖሩ ልጆችና የልጅ ልጆች ወደ ትውልድ ቀያቸው ይመለሳሉ። በግ ይታረዳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። በበርካታ የአገራችን የገጠር አካባቢዎች ከዚህ ጋር አብሮ የቆየ ሌላ ልማድ አለ። ከምሳ በኋላ ከእርሻው ዳር ጠርሙስ፣ ቅል ወይም ድንጋይ አቁሞ ዒላማ መተኮስ፣ ደስታው ሲበረታም ጥይት ወደ ሰማይ መልቀቅ የተለመደ ነው። የጦር መሣሪያ የአባት ቅርስና የቤት መጠበቂያ ተደርጎ በሚታይበት ማኅበረሰብ ዘንድ ይህ ተግባር እንደ ጥፋት ላይቆጠር ይችላል። ይሁን እንጂ በአንድ ጥይት ምክንያት የበዓል ቤት ወደ ለቅሶ ቤት፣ የተከበረ አባወራም ወደ ተከሳሽነት ሊለወጥ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በጉዳዩ ላይ ሕጉ ምን እንደሚል በማስረዳት ዜጎች አስቀድመው እንዲጠነቀቁ ማገዝ ነው።

ፈቃድ መያዝና መተኮስ አንድ አይደሉም

በአገራችን የጦር መሣሪያ አያያዝ የሚመራው በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም ግለሰብ የጦር መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ የሚታየው የተሳሳተ ግንዛቤ፣ «ፈቃድ አለኝ፤ መሬቱም የራሴ ነው፤ ስለዚህ መተኮስ እችላለሁ» የሚለው ነው። ፈቃዱ መሣሪያውን በሕጋዊ መንገድ ለመያዝ የተሰጠ እንጂ በፈለጉት ጊዜና ቦታ ለመተኮስ የተሰጠ መብት አይደለም። ከዚህም በላይ ፈቃዱ የተሰጠው ስሙ ለተመዘገበው ሰው በመሆኑ፣ መሣሪያውን ለእንግዳ፣ ለወንድም ወይም ለአማች «አንድ ጊዜ ሞክር» ብሎ ማቀበል ኃላፊነትን ያስከትላል።

ጥይት የሚቆመው የት ነው?

የመሬት ድንበር ጥይትን አያስቆምም። በብዙ ቤት የሚገኘው የክላሽንኮቭ ጥይት አፈሙዙን ሲለቅ ፍጥነቱ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ነው። የሚያስቆመው ነገር ካላገኘ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ እስከ 1,500 ሜትር ድረስም የመግደል ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ይህ በእግር 20 ደቂቃ ያህል የሚያስኬድ ርቀት ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ የጎረቤት ግቢ፣ የውኃ መቅጃ ምንጭ፣ ከብት የሚያግድ ልጅ ወይም ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ምእመን ሊኖር ይችላል። ዒላማው ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ጥይቱ ነጥሮ ወዳልታሰበ አቅጣጫ፣ አንዳንዴም ወደ ተመልካቹ ሊመለስ ይችላል።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይትም ተመልሶ መውደቁ አይቀርም። ቀጥ ብሎ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይት ሲወርድ በሰከንድ እስከ 90 ሜትር የሚደርስ ፍጥነት ሊኖረው ይችላል። ይህ ፍጥነት ቆዳን ለመብሳት በቂ ነው። አዘቅዝቆ የተተኮሰው ደግሞ ከዚህ በላይ ፍጥነት ይዞ ስለሚወርድ አደጋው ይከፋል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2003 መጨረሻ በአዲስ ዓመት ዋዜማ በፖርቶ ሪኮ ለደስታ በተተኮሱ ጥይቶች 19 ሰዎች መጎዳታቸውና ከእነዚህም አንዱ ሕይወቱን ማጣቱ በጤና ባለሥልጣናት ተመዝግቧል።

«ሰው መኖሩን አላየሁም» ማለት ከተጠያቂነት ያድናል?

ለግንዛቤ ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፈቃድ ያለው አንድ አባወራ ለበዓል ከከተማ ለመጣው የወንድሙ ልጅ መሣሪያውን ይሰጠዋል። ወጣቱ በጉብታ ላይ የቆመ ድንጋይ ለመምታት ተኩሶ ይስታል። ከጉብታው ማዶ ከብት ሲጠብቅ የነበረ ታዳጊ ተመትቶ ይሞታል። ተኳሹ ታዳጊውን አያውቀውም፤ የመግደል ሐሳብም አልነበረውም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 መሠረት ቸልተኝነትን ያስቀጣል። አንድ ሰው ድርጊቱ ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት ማሰብ ሲገባው ሳያስብ ከቀረ፣ ወይም አስቦም «አይደርስም» ብሎ ከቀጠለ ቸልተኛ ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543(1) መሠረት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። የሞቱት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ግልጽ ደንብና መመሪያ ሆነ ተብሎ ተጥሶ ከሆነ፣ ወይም ተኳሹ በመጠጥ ራሱን ኃላፊነት ከማይሰማው ሁኔታ ላይ አድርሶ ከሆነ፣ በዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራትና መቀጮ ይሆናል። ስለሆነም «ሞቅ ብሎኝ ነበር» የሚለው ምክንያት ቅጣትን የሚያከብድ እንጂ የሚያቀል እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል።

ሰው በተሰበሰበበት አቅጣጫ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የተኮሰ ሰው ጉዳይ ደግሞ ከቸልተኝነት ሊያልፍ ይችላል። ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀና እየተቀበለ ድርጊቱን የፈጸመ ሰው በአንቀጽ 58 መሠረት ሆነ ብሎ እንዳደረገው ሊቆጠር ይችላል። በምሳሌው የተጠቀሰው አባወራም መሣሪያውን አሳልፎ በመስጠቱ ከምርመራ ውጭ አይሆንም።

ካሣና ሽምግልና

የወንጀል ቅጣት ካሣን አያስቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ኪሣራውን መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል። የሞተው የጎረቤት በሬ ቢሆንም ድንጋጌው ተፈጻሚ ነው። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ አውርዶ ጉዳት ቢያደርስ፣ በአንቀጽ 2124 መሠረት አባት ስለ ልጁ በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ይሆናል።

የሽማግሌዎች እርቅ ቂምን በማብረድና ቤተሰብን በማስታረቅ ረገድ ከፍተኛ ዋጋ አለው። ሆኖም የሰው ሕይወት በጠፋበት ጉዳይ እርቅ መፈጸሙ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም።

ከበዓሉ በፊትና በበዓሉ ዕለት ምን እናድርግ?

1. እንግዶች ከመድረሳቸው በፊት መሣሪያውን ከጥይት ባዶ ማድረግ፣ መሣሪያውንና ጥይቱን በተለያየ ቦታ ቆልፎ ማስቀመጥና ቁልፉን ለብቻ መያዝ።
2. መጠጥ በቀረበበት ግብዣ ላይ መሣሪያ አለማውጣት፤ ሌላ ሰው ሲያወጣም በቤቱ አባወራ ወይም በሽማግሌዎች አማካይነት ማስቆም።
3. ልጆች የወዳደቀ ጥይትና ቀለህ እንዳይነኩ፣ ሲያገኙም ለታላቅ እንዲናገሩ ማስተማር።
4. የመሣሪያ ፈቃድን በሚመለከት፣ ከአባት የተወረሰ ነገር ግን በስም ያልተመዘገበ መሣሪያ ያላቸውን ጨምሮ፣ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ መጠየቅ።
5. ዒላማ መለማመድ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ፖሊስን ሳይጠይቅና ሳይፈቀድለት በግል ይዞታው ላይ አለመተኮስ።

ጉዳት ከደረሰ

የቆሰለን ሰው ትቶ መሸሽ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ለሕይወት በሚያሰጋ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ያልረዳን ያስቀጣል፤ አደጋውን ያደረሰው ራሱ ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ ተጎጂውን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ፣ ለአምቡላንስ በ907፣ ለፖሊስ በ991 መደወል ይገባል። መሣሪያውን መደበቅ ወይም ቀለሁን መልቀም አይገባም። ጉዳት የደረሰባቸው ቤተሰቦች የክስና የካሣ ጥያቄያቸውን በሚመለከት በየደረጃው በሚገኙ የፍትሕ ተቋማት ቀርበው ምክር መጠየቅ ይችላሉ።

የቤታችን ደስታ በእልልታ፣ በጭፈራና በገና ጨዋታ ሊገለጽ ይችላል። መሣሪያው በዚያ ቀን ተቆልፎ ቢውል የአባወራው ክብር አይቀንስም፤ ከጉብታው ማዶ ያለው ልጅም ከብቶቹን ይዞ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።

መልካም በዓል!