ዝባድና ጥሪኝ፦ ከቦንጋ ገበያ እስከ ባቡር ጣቢያ

ባቡር ቦንጋ ድረስ ዘልቆ አያውቅም። ቢሆንም ከከፋ ጫካ የተገኘ ዝባድ በበቅሎና በባቡር ተጉዞ ፈረንሣይ አገር ሽቶ ቀማሚዎች ዘንድ ይደርስ ነበር። ዝባዱ እንዴት እንደ ተጓዘ፥ እንስሳው ጥሪኝ ደግሞ ለምን እንዳልተጓዘ ባጭሩ እናስረዳለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በከፋ ነገሥታት ዘመን የውጭ ነጋዴ እንደ ልቡ ወደ አገሩ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም ነበር፤ የሚገበያየው ቦንጋ ላይ ነው። አሞሌ ጨውና ጨርቅ አምጥቶ ቡና፥ ኮረሪማ፥ የዝኆን ጥርስና ዝባድ ይወስዳል። ሰዎችም ለባርነት ተሸጠው በዚሁ መንገድ ይነዱ እንደ ነበር መሸሸግ አይገባም። ሲራራ ነጋዴው ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ጅማ፥ ከዚያም በሊሙ ሰቃ አድርጎ ዐባይን በመሻገር ወደ ጎጃም፥ ጎንደርና ምጥዋ ይዘልቃል። በ1897 ከፋ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዞ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ በኋላ ግን ንግዱ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። የጅቡቲው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ቀሪው 780 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለባቡር ተተወ።

ዝባድ ከጥሪኝ ዕጢ ተፍቆ የሚወጣ ቅባት ነው። ሲወጣ ቢጫና እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው፤ ነፋስ ሲያገኘው ይጠቁራል። ስለዚህ በከብት ቀንድ ታጭቆ አፉ በቆዳ ይታሰራል። ቀንድ ቅባት አያሳልፍም፥ ለጭነትም ይመቻል። ክብደቱ ጥቂት፥ ዋጋው ብዙ ስለ ሆነ የሩቁን መንገድ ወጪ ይችላል። ችግሩ የታሰረ ቀንድ ውስጡ አለመታየቱ ነው። ቅቤ የሚቀላቅሉ ስለ ነበሩ ገዥው ሳይመረምር አያምንም፤ በአንድ አታላይ ምክንያት የሐቀኛውም ዋጋ ይወድቃል።

በእንግሊዝና በቤልጅግ የእሽቅድምድም ርግቦች በቅርጫት ሆነው በባቡር ይላኩ ነበር። ሩቅ ጣቢያ ላይ ሲለቀቁ እነርሱ በክንፋቸው፥ ባዶው ቅርጫት በባቡር ይመለሳል። ጥሪኝ ግን ቢለቀቅ የሚሄደው ወደ ጫካው ነው። ብቻውን፥ በሌሊት የሚንቀሳቀስ አውሬ ስለ ሆነ በእስር ሆኖ እምብዛም አይራባም፤ በሞተ ቁጥር ሌላ ከጫካ በወጥመድ ይያዛል። ለዝባድ የሚፈለገው ወንዱ ነው። መዞሪያ በማይበቃ የእንጨት ሣጥን ይቀመጣል፤ ሥጋና ገንፎ ይቀርብለታል፤ ሙቀት ዝባዱን ያበዛል ስለሚባል እሳት ከቤቱ አይጠፋም። በየ10 ቀኑ ገደማ ተይዞ ሲፋቅ ብዙ ጊዜ ይቆስላል። ስለዚህ ንግድ ሲነሣ የሚወራው ስለ ቀንዱ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሣጥኑ ሳይጀመር ነገሩ አይገባም።

በ1926 ሊዮፖልድ ሩዢችካ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ለዝባድ ሽታውን የሚሰጠውን የሲቬቶንን አሠራር ደረሱበት። ከዚያ በኋላ በፋብሪካ የተሠራ ምትክ እየተስፋፋ የዝባድ ገበያ ጠበበ። የከፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ጥሪኝም እዚያው ደን ውስጥ ይኖራል።