መጀመሪያ ችካሉን፣ ቀጥሎ ወፏን

ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌዋ አገና የሚገባ ሰው ዛሬ ዛሬ ካሜራ፣ ቢያንስ ደህና ካሜራ ያለው ስልክ ሳይዝ አይመጣም። የሚነሳው ግን ያው ዘመድ አዝማድ፣ ክትፎውና ደመራው ነው። አጥር ላይ ያረፈችውን ወፍ ለማንሳት የሚሞክር ጥቂት ሰው አለ፤ እሱም ብዙውን ጊዜ እግር በእግር ይከተላታል። ትበራለች፣ ይጠጋል፣ ደግማ ትበራለች። ማታ ስልኩን ሲያይ የሚያገኘው ጅራት ብቻ ነው።

ወፍ ማንሳት የሚጀምረው ከመቀመጫዋ ነው። ከከፍታ ላይ ሆነው ሲሳያቸውን የሚጠባበቁ ወፎች የለመዱት ቦታ አላቸው። ፊስካል የምትባለውን ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ ጅራቷ ረዘም ያለ ወፍ ልብ ብለው ይመልከቱ። ችካል ወይም የመብራት ሽቦ ላይ ተቀምጣ ሣሩን ትቃኛለች፤ ነፍሳት ስታይ ወርዳ ትለቅምና ብዙ ጊዜ ወደዚያው ትመለሳለች። የተረፋትን እሾህ ላይ ሰክታ የማስቀመጥ ልማድም አላት። የሚዘወተር መቀመጫ በኩሱ ይታወቃል፤ አናቱ ነጭ በነጭ የሆነ ችካል ካገኙ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም። ወፏ በሌለችበት ሰዓት ይቀመጡ፣ ካሜራውን ችካሉ ላይ ያነጣጥሩ፣ ይጠብቁ።

የጉራጌ ጀፎረ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በሁለቱም ወገን ቤቶች የተደረደሩበት፣ ከብት የሚግጥበት፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሰፊ የሣር ጎዳና በመሆኑ ዕይታው ክፍት ነው። ሣሩ ስለተጋጠ ነፍሳቱ ለወፏም ይታያሉ። ከሁሉ በላይ እዚያ የምትውል ወፍ ሰውና ከብት ለምዳለች። እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ሪቻርድና ቼሪ ከርተን በወፍ ፎቶግራፍ ጀማሪዎች ከሚባሉት ናቸው፤ በ1900 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውስጡ ክፍት የሆነ የበሬ ምስል አሠርተው፣ እዚያ ውስጥ ገብተው ወፍ ያነሱ ነበር። ጀፎረ ላይ በሬው እውነተኛ ስለሆነ ያን ያህል መድከም አያስፈልግም፤ ከሚግጡት ከብቶች ጎን ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይበቃል። አንድ ነገር ግን አይርሱ፤ አጥር ላይ ያነጣጠረ ሌንስ የሰው ቤት ላይም ያነጣጥራል። መጀመሪያ ለአባወራው ሰላምታ ሰጥተው ምን እንደሚሠሩ ይንገሩ።

ከችካሉ ኋላ ያለው ነገር ከችካሉ ባልተናነሰ ፎቶውን ይወስነዋል። ወፏ ከእርስዎ በ8 ሜትር፣ እንሰቱ ደግሞ ከእሷ ኋላ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ የእንሰቱ ሰፋፊ ቅጠሎች ተደባልቀው አንድ ወጥ አረንጓዴ ይሆናሉ። እንሰቱ ከችካሉ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ግን የቅጠሉ ጅማት ሁሉ ከላባው ጋር ይሻማል። ከኋላ ፀሐይ የሚያንፀባርቅበት የቆርቆሮ ጣሪያ ካለም ሁለት እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ነው፤ ቤት የሚያክል ነገር በሁለት እርምጃ ከፎቶው ይወጣል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 በኋላ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን የወፏ ግንባር ያበራል፣ ዓይኗ ይጨልማል። ዓይኗ ያልታየ ወፍ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢያምር ከንቱ ነው። የክረምት ደመና ግን አይናቅ፤ ብርሃኑን አለስልሶ ጥላውን ያጠፋዋል። ቢጫና ቀይ የሚለብሱት ወንዶቹ የሣር ወፎችም በክረምትና በመስከረም ነው የሚያጌጡት።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ያገለገለ ካሜራ ከ70–300 ሌንስ ጋር ለመጀመሪያ ይበቃል። ስልክ ብቻ ያላችሁ ከቡታጅራ ወደ ባቱ (ዝዋይ) ወርዳችሁ በጀልባ ማቆሚያው ሰው የለመዱትን አባ ኮዳዎች ተለማመዱባቸው። ሻተሩን ከ1/500 ሰከንድ አያውርዱ፤ ትንሽ ወፍ ብትቀመጥም አንገቷ አያርፍም፣ 1/1000 ይሻላል። ለዚያ ሲባል አይኤስኦ 1600 ቢደርስ አያስደንግጥ። ፎከሱ ዓይኗ ላይ ይሁን።

አስቸጋሪው ቁራ ነው። ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ የአፍሪካ ቀንድ ብቻ ወፍ ነው፤ መላ አካሉ ጥቁር፣ ማጅራቱ ላይ ግን ነጭ ምልክት አለው። ካሜራ ያየውን ሁሉ መሐከለኛ ግራጫ ማድረግ ስለሚቀናው ጥቁሩን አፍክቶ አመድማ ያደርገዋል፣ ነጩም ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይሆናል። መፍትሔው ኤክስፖዠሩን ወደ −1 ዝቅ ማድረግ ነው። ጥቁሩን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማውጣት ይቻላል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። ወፏ ሰማይን ጀርባዋ አድርጋ ሽቦ ላይ ከሆነች ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ +1 ካልጨመሩ ጥላዋን ብቻ ይዘው ይመለሳሉ።

ፎቶው በሮው (RAW) ከተነሳ እርማቱ ይቀላል። ላይትሩምም ሆነ በነፃ የሚገኘው ዳርክቴብል፣ ስልክ ላይም ስናፕሲድ፣ ሁሉም ያስኬዳሉ። መጀመሪያ ይከርክሙ፤ ወፏ በምታይበት አቅጣጫ ሰፋ ያለ ቦታ ይተዉ። የ24 ሜጋፒክሰል ፎቶ ወርዱም ቁመቱም በግማሽ ቢቀንስ 6 ሜጋፒክሰል ይቀራል፤ ለኤ4 ኅትመት ይበቃል። እንሰት ጥላ ውስጥ የተነሳች ወፍ ነጭ ሆዷ አረንጓዴ ይነካዋል፤ ሆዷን ብቻ መርጠው አረንጓዴውን በትንሹ ይቀንሱ፣ ፎቶውን በሙሉ ግን አይንኩ። ኖይዙን ከበስተጀርባው እንጂ ከላባው ላይ አይጥረጉ፤ ላባው ከተጠረገ ፕላስቲክ ይመስላል።

ቀለም ላይ እጅዎን ይሰብስቡ። በደጋችን ያለችው ጥቁር ክንፍ በቀቀን አረንጓዴ ናት፤ ወንዱ ብቻ ግንባሩ ቀይ ነው። ሳቹሬሽኑን ሲገፉት መጀመሪያ የሚጠፋው የዚያ ቀይ ላባ ዝርዝር ነው፤ አጠቃላዩ ሂስቶግራም ደህና ቢመስልም የቀዩ መስመር ብቻውን ከጫፍ ይደርሳል። ቀዩን ያደበዘዘ ሰው ደግሞ ወንዱን ሴት አደረገው።

የወፏን ፊት የጋረደ ሣር በፎቶሾፕ ይጥፋ ወይስ ይቆይ? ለንደን በሚዘጋጀው የዓመቱ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር ሁለት አሸናፊዎች ሽልማታቸውን ተነጥቀዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2009ኙ በአጥር ላይ የሚዘለው ተኩላ ሠልጣኝ ሳይሆን አልቀረም ተብሎ፣ የ2017ቱ ደግሞ ፎቶው ውስጥ ያለው ጉንዳን በል እንስሳ ቆዳው ተሞልቶ የተዘጋጀ በድን ነው ተብሎ። ሁለቱም ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አልተበላሸም፤ ነገሩ የተበላሸው ከመነሳቱ በፊት ነው። ለእኔ ለሳሎን ግድግዳ የሚሰቀል ፎቶ ላይ ሣሩን ማጥፋት ነውር አይደለም፣ ለሚጠይቅ እስከተነገረ ድረስ። የመብራት ሽቦውን ግን አላጠፋውም። የዛሬ የአገና ወፍ የምታርፈው ሽቦ ላይ ነው፤ ሽቦው ጠፍቶ አየር ላይ የተቀመጠች ወፍ ማየት ያስቃል። ጎጆዋ ላይ ያለችን ወፍ ለማንሳት የጋረዳትን ቅጠል መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ጫጩቶቹን ለፀሐይና ለጭልፊት አሳልፎ መስጠት ነው።

ያልተነካውን ዋና ፋይል ቀኑንና ቦታውን ጽፈው ያስቀምጡ። የወፏን ስም ካላወቁ መርሊን የተባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ተቋም የስልክ መተግበሪያ ከፎቶው ለመለየት ይሞክራል። የዚያው ተቋም መዝገብ ኢበርድ ደግሞ ፎቶውን ከቦታውና ከቀኑ ጋር ይቀበላል። እዚያ ለማስገባት ፎቶው ማማር የለበትም፤ ምንቃሯና የክንፏ ቀለም ከታየ የደበዘዘውም ይበቃል።