ባሕር የተሻገረ ሽርክና
አንድ የእግር ኳስ ድርጅት በብዙ አገር የተስፋፋበት መንገድና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ነጋዴ ንግዱ ከአገሩ ወሰን ሲያልፍ ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ወይ በገዛ ገንዘቡና በገዛ ሰዎቹ ቅርንጫፍ ይከፍታል፤ ወይም ገበያውንና ሰዉን ከሚያውቅ ከዚያው አገር ነጋዴ ጋራ ይሻረካል። በመጀመሪያው መንገድ የሚሄድ ሰው ሥልጣኑ ሙሉ ሲሆን፣ ወጪውም ድካሙም የእርሱ ብቻ ነው። በሁለተኛው የሚሄድ ግን ወጪው ቢቀልለትም ሥልጣኑን ይካፈላል፤ ምን ያህሉን እንደ ተካፈለም አስቀድሞ በጽሑፍ ካልወሰነ ኋላ በዳኛ ፊት ይማረዋል።

ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ የምናመጣው ከመጋዘን ወይም ከጉምሩክ ሳይሆን ከኳስ ሜዳ ነው። ይህንም ማድረጋችን ለጨዋታ ወሬ አይደለም። አንድ የእግር ኳስ ድርጅት በአምስት ክፍላተ ዓለም ክለቦችን እየገዛና እየተሻረከ የተስፋፋበት አካሄድ፣ አስመጪም ላኪም ባለሱቅም ከገዛ መዝገባቸው ጋራ የሚያመሳክሩት ብዙ ነገር ስላለበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የድርጅቱ አጀማመር

በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የማንቸስተር ሲቲ ክለብ በ2008 በአቡዳቢው ሼክ መንሱር ቢን ዛይድ አል ነህያን ድርጅት ተገዛ። ሻጩ የቀድሞው የታይላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ታክሲን ሺናዋትራ ነበሩ። አዲሱ ባለቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገንዘቡን በዚያው በአንዱ ክለብ ላይ አዋለ፤ ክለቡም በ2012 ከ44 ዓመት በኋላ የእንግሊዝን ሊግ ዋንጫ አገኘ። በዚያው ዓመት የባርሴሎና ክለብ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሚስተር ፌራን ሶሪያኖ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። በ2013 ደግሞ ሲቲ ፉትቦል ግሩፕ የተባለው እናት ድርጅት ተቋቋመ።

ሐሳቡ በነጋዴ ዓይን ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ክለብ ብዙ ወጣቶችን ያሠለጥናል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚያሰልፈው ዐሥራ አንድ ተጫዋች ብቻ ነው። የቀሩት ያለ ሥራ ይቀመጣሉ ወይም በርካሽ ይሸጣሉ። ደግሞም ክለቡን በሩቅ አገር ሆኖ የሚወድ ሰው ብዙ ሲሆን፣ ከዚያ ሰው ኪስ ወደ ክለቡ ሣጥን የሚገባው ገንዘብ ጥቂት ነው። በየአገሩ እኅት ክለብ ቢኖር ግን ወጣቱ የሚጫወትበት ሜዳ፣ ማስታወቂያ አሠሪውም ዕቃውን የሚያስተዋውቅበት ተጨማሪ ገበያ ይገኛል።

በየአገሩ የተለያየ ድርሻ

ከሁሉ ይልቅ ሊስተዋል የሚገባው፣ ድርጅቱ በሄደበት አገር ሁሉ አንድ ዓይነት ውል አለመዋዋሉ ነው።

በ2013 በኒውዮርክ አዲስ ክለብ ለማቋቋም ሲነሣ፣ ለአሜሪካው ሊግ የመግቢያ 100 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ይሁን እንጂ ብቻውን አልገባም። የከተማይቱን ሕዝብ የሚያውቀውን የያንኪስን የቤዝቦል ድርጅት ለ20 በመቶ ተሻረከው። ክለቡም በ2015 ውድድር ሲጀምር የተጫወተው በዚያው በያንኪ ስታዲየም ነው። ገንዘብ የነበረው ባለቤት፣ ሜዳና ዝና ያለውን ሰው አጠገቡ አደረገ ማለት ነው።

በአውስትራሊያ በጥር 2014 ሜልበርን ሃርት ከተባለው ክለብ 80 በመቶውን በ12 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገዛ፤ በ2015 ደግሞ የቀረውን ጠቀለለ። በጃፓን ግን እንዲህ አላደረገም። የዮኮሃማው ክለብ ኤፍ ማሪኖስ የኒሳን የመኪና ፋብሪካ ንብረት ስለ ነበረ፣ በ2014 የወሰደው ድርሻ 20 በመቶ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ኒሳን ራሱ ለድርጅቱ ክለቦች ማስታወቂያ ከፋይ ሆነ። ስለዚህ አንዱ ሽርክና ሁለት በር ከፈተ። በስፔን በ2017 ከጂሮና ክለብ 44.3 በመቶውን ሲገዛ፣ ሌላው ባለድርሻም ልክ 44.3 በመቶ ያዘ። በሕንድ በ2019 ከሙምባይ ሲቲ ክለብ 65 በመቶ ወሰደ። በቦሊቪያ ደግሞ በ2021 ከቦሊቫር ክለብ ጋራ የተዋዋለው ያለ አንዳች አክሲዮን፣ ዕውቀትን ለማካፈል ብቻ ነው። በጣሊያን በ2022 ከፓሌርሞ ክለብ አብዛኛውን ድርሻ ሲገዛ የቀድሞውን ባለቤት ከነጥቂት ድርሻቸው በሊቀ መንበርነት አቆያቸው።

እንግዲህ ሽርክና ማለት አንድ ልክ ያለው ልብስ አይደለም። የአገሩ ሰው የያዘው ነገር ብዙ ሲሆን እንግዳው ጥቂት ይወስዳል፤ የአገሩ ሰው ገንዘብ ሲቸግረው ደግሞ እንግዳው ብዙ ይወስዳል።

ትርፉ ከወዴት መጣ

ከሜልበርን ክለብ የተነሣው አሮን ሙይ የተባለ ተጫዋች በ2016 ወደ ማንቸስተር ሲቲ ተዛወረ፤ ወዲያውም ለሃደርስፊልድ ክለብ በውሰት ተሰጠ። በ2017 ሃደርስፊልድ በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛው። ሙይ ለማንቸስተር ሲቲ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰለፍ ለድርጅቱ ጥሩ ሽያጭ ሆነ። ብራዚላዊው ሳቪኞም በ2022 የተገዛው በፈረንሳይ ላለው ለትሯ ክለብ ስም ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያ ወደ ሆላንድ፣ ቀጥሎም ወደ ጂሮና በውሰት ተላከ። ጂሮና በእርሱ ድጋፍ በ2024 በስፔን ሊግ ሦስተኛ ወጣ፤ ማንቸስተር ሲቲም በዚያው ዓመት ክረምት ወሰደው።

ከተጫዋች ሽያጭ ይልቅ የበለጠው ትርፍ ግን የእናት ድርጅቱ የራሱ ዋጋ መጨመር ነው። በታኅሣሥ 2015 ቻይናውያን ባለገንዘቦች 13 በመቶውን በ400 ሚሊዮን ዶላር ሲገዙ ድርጅቱ በ3 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በኅዳር 2019 ሲልቨር ሌክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ10 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ድርሻ በ500 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ ግምቱ 4.8 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ከአቡዳቢ ባለቤቶች ብቻ ይመጣ የነበረውን ገንዘብ አሁን ሌሎችም አዋጡት።

የተነሡት አቤቱታዎች

ይህ ሁሉ ሲሆን ቅሬታ አልታጣም። በአውስትራሊያ ሊግ አንዱ ክለብ ተጫዋች ከሌላው ክለብ በገንዘብ እንዳይገዛ ደንቡ ይከለክል ነበር። በጥር 2016 ማንቸስተር ሲቲ አንቶኒ ካሴሬስ የተባለውን ተጫዋች ከሴንትራል ኮስት ማሪነርስ ገዝቶ ወዲያው ለሜልበርን ሲቲ በውሰት ሰጠ። ዕቃው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲሄድ ደረሰኙ በእንግሊዝ አገር ዞሮ መጣ። ሌሎቹ ክለቦች አጉረመረሙ፤ የአገሪቱም የእግር ኳስ አስተዳደር ቀዳዳውን በአዲስ ደንብ ደፈነው። ሕጉን ዞሮ የሚያልፍ ነጋዴ አንድ ጊዜ ያተርፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ደንብ አውጪው ዓይኑን ከእርሱ ላይ አያነሣም።

በትሯ ያለው ቅሬታ ከዚህ የመረረ ነው። ክለቡ በ2023 ከፈረንሳይ አንደኛ ምድብ ሲወርድ፣ በስሙ የተገዛው ሳቪኞ ለክለቡ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተጫወተም ነበር። ደጋፊዎቹም ክለባችን የሌሎች ዕቃ ማራገፊያ ሆነ እያሉ ተቃወሙ። በሽርክና ውስጥ ታናሹ ቤት የታላቁ ቤት መጋዘን ብቻ ሲሆን እንዲህ ያለ ቃል መሰማቱ አይቀርም።

ሌላው ጉዳይ የውድድር ሕግ ነው። በ1998 ኤኒክ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የአቴናው ኤኤክና የፕራጉ ስላቪያ ባለቤት ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ ክለቦች ለአንድ የአውሮፓ ዋንጫ ደረሱ። የአውሮፓ የእግር ኳስ ኅብረት በዚያው ዓመት አንድ ባለቤት ያላቸው ሁለት ክለቦች በአንድ ዋንጫ እንዳይወዳደሩ ደነገገ፤ የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤትም በ1999 ድንጋጌውን አጸናው። ማንቸስተር ሲቲና ጂሮና በ2024 ለአንድ ዋንጫ ሲደርሱ፣ እናት ድርጅቱ የጂሮናን አክሲዮን ገለልተኛ ለሆኑ ባለአደራዎች አስረክቦ ሁለቱም እንዲወዳደሩ አደረገ። ክሪስታል ፓላስ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። በግንቦት 2025 ማንቸስተር ሲቲን አሸንፎ የእንግሊዝን ኤፍ ኤ ዋንጫ ቢያገኝም፣ ከባለድርሻዎቹ አንዱ የፈረንሳዩን የሊዮን ክለብም ይዘው ነበርና ከዩሮፓ ሊግ ወደ ታችኛው ውድድር ተዛወረ። ባለድርሻው አክሲዮናቸውን ቢሸጡም፣ ደንቡ የወሰነው የመጋቢት 1 ቀን አስቀድሞ አልፎ ነበር። ይግባኙም በነሐሴ ውድቅ ሆነ። በሜዳ የተገኘው ድል በቀን መቍጠሪያ ተወሰደ።

የችኮላ መስፋፋት

ሌላም ድርጅት በዚሁ መንገድ ሲሮጥ ወድቋል። መቀመጫውን በማያሚ ያደረገው ሰቨን ሰቨንቲ ሰቨን ፓርትነርስ ከ2021 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ውስጥ በጣሊያን ጄኖአን፣ በቤልጅግ ስታንዳርድ ሊየዥን፣ በብራዚል ቫስኮ ዳ ጋማን፣ በጀርመን ሄርታ በርሊንን እያከታተለ ያዘ። በ2023 የእንግሊዙን ኤቨርተን ለመግዛት ተዋዋለ። በግንቦት 2024 ግን አንድ የለንደን አበዳሪ፣ ለመያዣ የተሰጠኝ ንብረት ተበዳሪው ያልያዘው ወይም ለሌላም ያስያዘው ነው ብሎ በኒውዮርክ ከሰሰው። በዚያው ወር የብራዚል ፍርድ ቤት የቫስኮን አስተዳደር ከእጁ አወጣ፤ የኤቨርተንም ውል ጊዜው አልፎ ፈረሰ። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

የስም ነገር

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን የገንዘብ ሳይሆን የስም ነው። ድርጅቱ በ2014 ሜልበርን ሃርትን እንደ ገዛ ስሙን ወደ ሜልበርን ሲቲ ለወጠው፤ ቀይና ነጭ የነበረውንም መለያ ወደ ነጭና ውሃ ሰማያዊ አዞረው። በዚህ ጊዜ የሲድኒ ክለብ ውሃ ሰማያዊ የእኔ ቀለም ነው ብሎ ተከራከረ። ከዚያ አስቀድሞ በ2005 ሬድ ቡል የተባለው የመጠጥ ኩባንያ በኦስትሪያ የሳልዝቡርግን ክለብ ገዝቶ ስሙንና ሐምራዊ ቀለሙን ሲለውጥ፣ የቆዩት ደጋፊዎች በአሮጌው ስምና ቀለም ሌላ ክለብ አቋቁመው ከመጨረሻው ምድብ ጀመሩ። ኩባንያው ክለቡን ገዛ እንጂ ሰዎቹን አልገዛም።

በብራዚል ግን ነገሩ በሕግ ታስቦበታል። በ2021 የወጣው የእግር ኳስ አክሲዮን ማኅበር ሕግ፣ ክለቡ ድርሻውን ቢሸጥም ያለ ነባሩ ማኅበር ፈቃድ ስሙ፣ ዓርማው፣ ቀለሙና መዝሙሩ እንዳይለወጥ፣ መቀመጫውም ወደ ሌላ ከተማ እንዳይዛወር ይከለክላል። የባሂያ ክለብ አባሎች በታኅሣሥ 2022 ድምፅ ሰጥተው፣ በ2023 ሲቲ ፉትቦል ግሩፕ 90 በመቶውን ሲረከብ ነባሩ ማኅበር 10 በመቶ አስቀረ። ዐሥር በመቶ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ስሙ በዚያ ውስጥ ተጠብቋል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ከዓመታት በፊት የአንድ የውጭ ፋብሪካ የውሃ መሳቢያ ሞተር ወኪል ነበረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በራሳችን ወጪ በሬዲዮ አስነገርን፤ መካኒኮች አሠለጠንን፤ የዕቃው ስም በገበሬው አፍ ገባ። ፋብሪካው ለሌላ ባለቤት ሲሸጥ፣ አዲሱ ባለቤት ወኪልነቱን በአንዲት ደብዳቤ ወስዶ ለሌላ ሰጠ። የቤቱ ጌታ ውሉን አምጣ ቢሉኝ አምጥቼ ሁለት ጊዜ አነበብሁላቸው። ስለ ኮሚሽኑ ልክ በዝርዝር ተጽፏል፤ ስለ መለያየት፣ ስላወጣነው የማስታወቂያ ወጪ፣ በመጋዘን ስለ ቀረው መለዋወጫ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም። ያን ውል በንጹሕ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። እርሳቸው አልተቈጡም፤ ታፔላውን አውርዱ ብቻ አሉ።

ስለዚህ ከባሕር ማዶ ድርጅት ጋራ የሚዋዋል ነጋዴ በመቶኛው ቍጥር ላይ ብቻ እንዳይከራከር እንመክራለን። በሰላም ጊዜ ሦስት ነገሮችን በውሉ ያስገባ፤ ስሙ የማን እንደሚሆን፣ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ገበያ ሲገናኙ ማን ለማን እንደሚለቅ፣ ሽርክናው ሲፈርስ በመጋዘን የቀረውን ዕቃ ማን በምን ዋጋ እንደሚረከብ። ፊርማ የሚቀመጥበት ቀን የደስታ ቀን ስለ ሆነ ስለ መለያየት ማንሣት ነውር ይመስላል። የባሂያ ሰዎች ግን በዚያ ቀን አንሥተውት ስማቸውን ይዘው ቀሩ። እኛ ያላነሣነው ታፔላችንን በገዛ እጃችን አወረድን።