«እሺ» መስማማት ነውን? በቤተሰብ ምጣኔ ምክር አገልግሎት የጋራ ውሳኔና የተግባቦት ክህሎት

በሕክምና ተግባቦት ጥናት «የጋራ ውሳኔ» ሲባል ባለሙያው ስለ ሕክምናው፣ ተገልጋዩ ደግሞ ስለ ራሱ ኑሮና ፍላጎት ያላቸውን ዕውቀት አቀናጅተው የሚደርሱበት ስምምነት ማለት ነው። ካቲ ቻርልስና ባልደረቦቿ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ መረጃ ከሁለቱም ወገን መፍሰስ እንዳለበት አስረግጠዋል። ግሊን ኤልዊንና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ሂደቱን በሦስት ከፈሉት፦ ምርጫ መኖሩን ማሳወቅ፣ አማራጮችን ማብራራት፣ ወደ ውሳኔ መድረስ። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት በቸልታ የሚታለፈው የመጀመሪያው ነው።

ለማሳያ የእርግዝና መከላከያ ፈልጋ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣችን ሴት እንውሰድ። በየሦስት ወሩ የሚወሰድ መርፌ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር ኢምፕላንት፣ ሉፕና ኪኒን አሉ። ኢምፕላንት ለዓመታት ይሠራል፤ ከፍተኛ የመከላከል ብቃትም አለው። ባለሙያዋ «ለአንቺ የሚሻልሽ ይኼ ነው» ብትል ከሕክምና አንጻር ላትሳሳት ትችላለች። ሆኖም ኢምፕላንት የወር አበባን ሥርዓት ማዛባቱ የተለመደ ነው። የደም መፍሰስ ከጸሎት ቤት ለሚያስቀራት ወይም መከላከያ መጠቀሟን ከቤተሰብ ለደበቀች ሴት ይህ «ቀላል የጎንዮሽ ጉዳት» አይደለም። ይህን የምታውቀው ተገልጋይዋ ብቻ ናት፤ ካልተጠየቀች ደግሞ አትናገርም።

በአማርኛ የሚደረግ ምክክር ተጨማሪ ችግር አለበት። «እርስዎ ያውቃሉ»፣ «እንዳሉ ይሁን»፣ «እሺ» የሚሉት መልሶች በአብዛኛው የአክብሮት እንጂ የውሳኔ ቃላት አይደሉም። «ገባሽ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሌላ «እሺ» ከመጋበዝ አያልፍም። የተሻለው «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ ደሙ ቢዛባ ምን ታደርጊያለሽ? ለእህትሽ ብትነግሪያት እንዴት ትያታለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ የሚፈተነው የባለሙያዋ ማብራሪያ እንጂ የተገልጋይዋ ብልህነት አይደለም። ከመልሱ በኋላ ጥቂት ዝም ማለትም ክህሎት ነው፤ ወረፋው በረዘመበት ክፍል ይህን መጠየቅ ቀላል አለመሆኑ ባይካድም።

የአገልግሎቱን ጥራት ለመመዘን በሕዝብና ጤና ጥናቶች ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፦ ስለ ሌሎች ዘዴዎች ተነግሮሻል? ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ተነግሮሻል? ጉዳቱ ቢከሰት ምን እንደምታደርጊ ተነግሮሻል? ጠቃሚ መለኪያ ነው፤ ግን ሦስቱም ባለሙያው መናገሩን እንጂ ማዳመጡን አይለኩም። የጋራ ውሳኔን ማጥናት የሚሻ ተመራማሪ «ምን ተጠየቅሽ?» የሚለውን መጨመር ይኖርበታል።

ውሳኔውም ዘዴው በተሰጠበት ቀን አያበቃም። ኢምፕላንቱ ጊዜው ሳይደርስ እንዲወጣላት የምትጠይቅ ሴት «ትንሽ ታገሺ» ተብላ ከተመለሰች፣ የመጀመሪያው ቀን ምርጫዋ ምርጫ መሆኑ ያጠራጥራል። ስለዚህ «በፈለግሽ ጊዜ መጥተሽ ማስወጣት ትችያለሽ» የሚለው ዓረፍተ ነገር መነገር ያለበት ገና ዘዴው ሳይመረጥ ነው።